እናንተ ተኝታችሁ ስልካችሁ የበላው

«ምንም አልተጠቀምኩም።»

የሮሚንግ (ስልክን በውጭ አገር ኔትወርክ የመጠቀም) ቅሬታ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ከዚህ በላይ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል የለም። ደዋዩ ነጋዴ ይሁን ተማሪ፣ ልጇን ልታርስ ባሕር የተሻገረች እናት ትሁን ለስብሰባ የሄደ አለቃ፣ ንግግሩ አይለወጥም። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው በእናቱ ስም ይምላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሐፍረት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም ፊት ለፊቴ ያለውን መዝገብ እያየሁ እንድናገር የተሰጠኝን እደግም ነበር፦ «ሲስተሙ አጠቃቀም ያሳያል።»

ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሳሁ ቆይቻለሁና፣ የድርጅቱን ስም እስካልጠየቃችሁኝ ድረስ ጠጋ በሉ። ደዋዩ አልዋሸም። መዝገቡም አልዋሸም። እሱ አልተጠቀመም፤ ስልኩ ተጠቅሟል።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ሊመረቅ ውጭ አገር ሄደው፣ ሆቴል እንደገቡ ለቤተሰባቸው «በሰላም ገብቻለሁ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ለፎቶና ለቪዲዮ ካልሆነ አልነኩትም። መዝገቡ ላይ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ዳታ ሳያቋርጥ ሲወጣ ይታያል። የሚገባ አይደለም፣ የሚወጣ ነው። «ምርቃቱን ቀርጸዋል እንዴ?» አልኳቸው። «ታዲያስ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው!» አሉኝ በኩራት። ስልኩ የቀረጹትን ሁሉ ወደ ኦንላይን ማከማቻቸው ሲያሻግር አድሯል። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ባያስታውሱም፣ ባክአፑ በዋይፋይ ብቻ ሳይሆን በሞባይል ዳታም እንዲሰራ ፈቅዶለት ነበር። የዛሬ ስልክ በመካከለኛ ጥራት ሲቀርጽ እንኳ ለአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። የግማሽ ሰዓት ምርቃት ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። «በሰላም ገብቻለሁ» የሚለው መልእክት ግን ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም። እኚህ ሰው ሊሉት የፈለጉትን በነፃ በሚባል ዋጋ ብለውታል፤ ሂሳቡ የመጣባቸው ላላሉት ነው።

ነገሩ እዚህ እንዴት እንደሚደርስ ከውስጥ ልንገራችሁ።

አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ስልካችሁን ስትከፍቱ፣ ስልኩ በአካባቢው ያለውን አንቴና ፈልጎ ራሱን ያስተዋውቃል። ሲም ካርዳችሁ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር የሚጀምረው በአገር ኮድ ነው፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። የኔትወርኩ ባለቤት ያንን አይቶ አገር ቤት ላለው ኩባንያችሁ ጥያቄ ይልካል፦ ይህን እንግዳ ታውቁታላችሁ? ዋስ ትሆኑታላችሁ? አገር ቤት «አዎ» ካለ እንግዳው ይገባል። ሁሉም ነገር ብዙ ጊዜ በሰኮንዶች ያልቃል። ቀጥላ የምትደርሳችሁ «እንኳን ደህና መጡ» የምትል አጭር መልእክት ለእናንተ ሰላምታ ትመስላችኋለች፤ እኛ ግን ቆጣሪው መከፈቱን የምናውቀው በእሷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልካችሁ ሰው ቤት የሚበላ እንግዳ ነው። አስተናጋጁ የበላውን እየቆጠረ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ «ታፕ» በሚባል ፋይል ወደ አገር ቤት ይልካል። ዋሱ በጅምላ ዋጋ ይከፍላል፣ ከእናንተ ደግሞ በችርቻሮ ይቀበላል። የጅምላውን ዋጋ ደንበኛ አያየውም። አውሮፓ ግን ጣሪያውን በሕግ ስለወሰነችው እዚያ ያለውን ማየት ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ኩባንያዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁት ከፍተኛው ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ1 ጊጋባይት 7.70 ዩሮ ነበር፤ በ2022 ወደ 2 ዩሮ ወረደ፤ ለ2027 የተቀመጠው 1 ዩሮ ነው። አሁን ወደ ማዶ እንሻገር። አንዳንድ የአሜሪካ ኩባንያዎች ጥቅል ሳይገዛ ውጭ ለወጣ ደንበኛ ለ1 ሜጋባይት 2.05 ዶላር ሲያስከፍሉ ኖረዋል። አባዙት፦ 1 ጊጋባይት ከ2,000 ዶላር ያልፋል። ከአውሮፓ ውጭ የጅምላው ዋጋ በኩባንያዎች ድርድር ስለሚወሰን ይለያያል። ቢሆንም በጅምላውና በችርቻሮው መካከል ያለው ገደል እስከምን ሊሰፋ እንደሚችል ከዚህ ይገባችኋል።

ሮም የምትኖር ዘመዳችሁ በርሊን ሄዳ እንደቤቷ የምታወራው ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የሮሚንግ ጭማሪን ስላስቀረ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከሚላኖ ወደ ጀርመን የሚሄደው አንዱ ባቡር ስዊዘርላንድን ያቋርጣል። ስዊዘርላንድ ኅብረቱ ውስጥ የለችም። ኩባንያዋ በፈቃዱ ካላካተተላት በቀር ሕጉ ድንበሩ ላይ ወርዶ ይቀራል፤ እሷ ግን መስኮቱን ተደግፋ እንዳንቀላፋች ነው።

ድንበር ለስልክ አይታየውም። ሞያሌ የሄደ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፦ እግሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ስልኩ ኬንያ ይገባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው። አንዳንድ አውሮፕላኖችና መርከቦች የራሳቸው ትንሽ አንቴና አላቸው፤ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ። የብዙዎቹ ኮድ በ901 ይጀምራል፤ የየትኛውም አገር ያልሆነ ቁጥር ነው። የየትኛውም አገር ስላልሆነ የአውሮፓም ጣሪያ፣ የገዛችሁትም የአገር ጥቅል አይደርስበትም። «አውሮፕላን ላይ ነበርኩ፤ እንዴት ልጠቀም እችላለሁ?» ይለኝ የነበረው ደንበኛ የበረራ ሁነታውን ማብራት የረሳ ነው።

ሁለተኛው የዘወትር ቅሬታ ደግሞ ይኸው፦ «አንቴናው ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሄድም።» እዚህ ላይ ሹክ የምላችሁ ነገር አለ፤ ኔትወርኩን የመረጣችሁት እናንተ አይደላችሁም። በሄዳችሁበት አገር ሦስት ኩባንያ ቢኖር፣ የአገር ቤቱ ኩባንያችሁ በርካሽ የተዋዋለው ምናልባት ከአንዱ ጋር ነው። ስልካችሁ ሌላውን ሲያንኳኳ፣ «ዋስ ትሆኑታላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ አገር ቤት ሆን ብሎ ደጋግሞ እምቢ ይላል። ስልኩ ሲሰለቸው ወደተፈለገው ይሄዳል። በሙያው «ስቲሪንግ» ይሉታል፤ መሪው በሌላ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። የተመረጠላችሁ ኩባንያ ርካሹ እንጂ ፈጣኑ ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልኩ ኔትወርክ በራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጥፉና ሌላውን በስሙ ምረጡ። እምቢ ቢላችሁ ሁለት ሦስቴ ሞክሩ፤ አንዳንዴ አገር ቤት ይረታል። ብቻ ጥቅል ከገዛችሁ፣ ጥቅሉ በየትኞቹ ኩባንያዎች ላይ እንደሚሰራ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ካልተዋዋሉበት ኔትወርክ ላይ ጥቅሉ እያለ በችርቻሮ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

ሦስተኛው ምስጢር ወደ ቻይናዋ ጓንግዡ ለሚመላለሱ ነጋዴዎች ነው። ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ ዳታው በአብዛኛው ከቆመበት አገር ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። በአስተናጋጁ መስመር አልፎ አገር ቤት ይመለሳል፤ ወደ ዓለም የሚወጣው ከዚያ ነው። ለጎረቤት ሰላም ለማለት መጀመሪያ እናት ቤት ደርሶ እንደመመለስ ያለ ነው፤ ስለዚህም ይዘገያል። ቻይና ውስጥ ግን ይህ መዘግየት በረከት ይሆናል። እዚያ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ጉግል ዝግ ናቸው። ርካሽ ነው ብሎ የቻይና ሲም የገዛው ነጋዴ ገበያው መሀል ቆሞ የጫማውን ናሙና መርካቶ ላለው ሸሪኩ መላክ ያቅተዋል፤ የሆቴሉ ዋይፋይም ያው የቻይና ዋይፋይ ነው። አጠገቡ በሮሚንግ ወይም ከሌላ አገር በተገዛ ኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) የቆመው ጓደኛው ግን ፎቶውን ይልካል፣ ዋጋውን ይከራከራል፣ ይስማማል። የእሱ ዳታ የሚወጣው ከቻይና የኢንተርኔት ግንብ ውጭ ነው። ልምድ ያላቸው ሁለቱንም ይይዛሉ፦ የቻይናውን ለዊቻትና ለክፍያ፣ የውጭውን ለአገር ቤት።

ዱባይ ደግሞ ሌላ ናት። ዋትስአፕ ይከፈታል፣ ጽሑፉ ይሄዳል፣ ፎቶው ይሄዳል፤ ጥሪው ግን አይገናኝም። አዲስ የገባች ልጅ ስልኳ የተበላሸ ይመስላትና ትጨነቃለች፤ አገር ቤት ያለችው እናት ደግሞ ልጇ የከዳቻት ይመስላታል። የተበላሸ ነገር የለም፤ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ ፈቃድ ባገኙ እንደ ቦቲም ባሉ መተግበሪያዎች ብቻ ነው የሚሰራው። ሳዑዲ ዓረቢያ ተመሳሳዩን ክልከላ መስፈርቷን ለሚያሟሉ መተግበሪያዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 አንስታዋለች። ኤምሬቶች ውስጥ «ቪፒኤን ጫኚና እለፊ» የሚል መካሪ አይጠፋም፤ እኔ አልልም። እዚያ ቪፒኤንን ሕገ ወጥ ለሆነ ነገር መጠቀም ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። ይልቅ በድምፅ መልእክት አውሩ። የእናት ድምፅ ተቀርጾ ቢመጣም የእናት ድምፅ ነው፤ ሥራ ሲያልቅ ደጋግሞም ይሰማል።

ወደ አሜሪካ የምትሄዱም ስሙኝ። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች የ3ጂ አገልግሎታቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 ዘግተዋል። አሁን እዚያ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂና በ5ጂ ላይ ነው። ለእኛ ገበያ የተሰሩ ብዙ ስልኮች አሜሪካ የምትጠቀምባቸውን የሞገድ ክልሎች ሙሉ በሙሉ አይዙም፣ ወይም በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፉ በዚያ ኩባንያ ዘንድ አይታወቅላቸውም። አዲስ የገዛችሁት ውድ ስልክ ዳላስ ሲደርስ ፎቶ ማንሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ እዚያ ያለ ዘመድ በኩባንያው ገጽ ላይ እንዲያጣራላችሁ አድርጉ። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣላችሁን ስልክ ይዛችሁ ሌላ አገር ስትሄዱ ደግሞ በኩባንያ የተቆለፈ አለመሆኑን እዩ፤ የተቆለፈ ስልክ የሌላ ኩባንያ ሲምም ኢሲምም አይቀበልም።

ስለ ኢሲም ካነሳን፣ ሻጮቹ የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። በመተግበሪያ ኢሲም ከሚሸጡት ብዙዎቹ አንድም አንቴና የላቸውም። ከአንድ ሦስተኛ አገር ኩባንያ በጅምላ ገዝተው ነው የሚያከፋፍሉት። ስለዚህ ለቱርክ ብላችሁ የገዛችሁት ኢሲም ኢስታንቡል ውስጥም ራሱ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሂሳቡ አስቀድሞ መከፈሉና ማለቂያው መታወቁ ነው። ይህ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። ጥቅሉ ሲያልቅ ይቆማል እንጂ ተኝታችሁ አይበላችሁም። ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ለመጫን ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ እቤታችሁ ጫኑት። ሁለተኛ፣ ስልካችሁ የራሱን ስክሪን በካሜራው ማንበብ ስለማይችል የመጫኛውን ኮድ በሌላ ስልክ ክፈቱት ወይም አሳትሙት። ሦስተኛ፣ አልሰራም ብላችሁ በንዴት አታጥፉት፤ ብዙዎቹ አንዴ ከጠፉ መልሰው አይጫኑም። «ገደብ የሌለው» የሚለውንም ቃል በጥርጣሬ እዩት። ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ወደ ኤሊ እርምጃ የሚወርድ ከሆነ ገደብ አለው።

የቀን ጥቅል ስትገዙ ደግሞ «ቀን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ለአንዱ ኩባንያ ከከፈታችሁበት ደቂቃ ጀምሮ 24 ሰዓት ነው፤ ለሌላው እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው፤ ያውም የአገር ቤት እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል አርፋችሁ አንዲት መልእክት ብትልኩ በግማሽ ሰዓት አንድ ሙሉ ቀን በላችሁ ማለት ነው።

ሆቴል ስትገቡ ዋይፋዩ ይቀበላችኋል። ብዙ ሆቴሎች ማሰራጫውን የሚሰቅሉት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ በተለይ አሮጌዎቹ። ስለዚህ ለዋይፋይ ወንበራችሁን ወደ በሩ ሳቡ፤ ለሞባይል ኔትወርክ ወደ መስኮቱ። የመግቢያው ገጽ አልመጣ ካለ ቪፒኤን ካላችሁ አጥፉት፤ ዋይፋዩንም አጥፍታችሁ መልሱት። ሌባ ይሰርቀኛል ብላችሁ ከሆነ የምትፈሩት፣ የባንክ ገጾችና ዋና ዋና መተግበሪያዎች መረጃውን ቆልፈው ነው የሚልኩት። የሚያሰጋው የሆቴሉን ስም አስመስሎ የተከፈተ የሌላ ሰው ዋይፋይ ነው። ትክክለኛውን ስም ከእንግዳ መቀበያው ጠይቁ። በአንዳንድ ኤርፖርቶች ነፃው ዋይፋይ ኮድ የሚልከው በአጭር መልእክት ስለሆነ፣ ሲማችሁን አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት በሩ ላይ ትቀራላችሁ።

ያ ሲም ለሌላም ይፈለጋል። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው፤ መልእክት መቀበል ደግሞ በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ሮሚንግ ላይም አያስከፍልም። ስለዚህ የአገር ቤት ሲም በርቶ ይቀመጥ፣ የዳታ ሮሚንጉ ብቻ ይጥፋ። ጥሪ ማንሳት ግን ያስከፍላል፤ ያላነሳችሁት ጥሪ ወደ ድምፅ መልእክት ሳጥን የሚዞር ከሆነማ እናንተ ዘንድ ደርሶ ስለሚመለስ ሁለቴ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት ##002# ብላችሁ ብትደውሉ የጥሪ ማዞሪያው ሁሉ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ የምትቆዩ ደግሞ ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥር እንደሚዘጋ፣ ቆይቶም ለሌላ ሰው እንደሚሸጥ አትርሱ። ቴሌግራማችሁ በዚያ ቁጥር ከሆነ አዲሱ ባለቤት ኮዱን ተቀብሎ ደጃችሁ ላይ ይቆማል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉበት፣ ወይም ቁጥሩን ቀይሩት።

የበረራው ዋዜማ ላይ እኔ ራሴ የማደርገው ትንሽ ነው። ካርታውን አውርዳለሁ፤ ቦታ የሚያሳየው ጂፒኤስ ዳታ አይፈልግምና። ባክአፑና አፕዴቱ በዋይፋይ ብቻ እንዲሰሩ አደርጋለሁ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ እዘጋለሁ፤ የቤተሰብ ግሩፕ በሠርግ ሰሞን ምን እንደሚልክ ታውቁታላችሁ። ከዚያ የዳታ ሮሚንጉን አጥፍቼ እተኛለሁ።

እንግዲህ ሂሳቡ ከመጣስ? የመጨረሻውን ሹክሹክታ ስሙ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጥን ሰዎች እስከተወሰነ ልክ ሂሳብ የመሰረዝ ሥልጣን ተሰጥቶን ነበር፤ ደንበኛው ካልጠየቀ ግን እኛ አናነሳውም። አትጩሁ፣ አትማሉ። «በሰዓት የተከፋፈለ ዝርዝር ይላክልኝ» በሉ። «ማስጠንቀቂያ የላካችሁልኝ በስንት ሰዓት ነው?» በሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንበኛው ካልተስማማ በቀር የሮሚንግ ዳታ 50 ዩሮ ሲሞላ መቋረጥ አለበት፤ ሌላ ቦታም የራሱ ደንብ አለ። በጨዋ ቋንቋ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ጣታችን ወዲያው ወደ ቅናሹ ይሄድ ነበር።

እኚያ አባት ግን ይህን ሁሉ አልጠየቁኝም። የሆነውን ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ በልቤም የምሰርዝላቸውን አስልቼ ጨርሻለሁ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ቪዲዮውስ? ሁሉም ደርሷል?»

መዝገቡን አየሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የወጣው ወጥቶ አልቋል።

«ሁሉም በሰላም ገብቷል» አልኳቸው።